ስለ ደረሰባት ጥቃት ስትጽፍ፦ የአንባቢው ሥራ ደረጃ በደረጃ

አንዲት የማውቃት ሴት ከዓመታት በፊት የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ ጻፈች። ጽሑፉ ረጅም አልነበረም። ስም አልጠራችም፤ ፍረዱልኝም አላለችም። ራሴን ከቅርብ ወዳጆቿ እንደ አንዱ ስለምቆጥር፣ አንብቤ እንደ ጨረስኩ በውስጥ መስመር «ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?» ብዬ ላክሁላት። ክፉ አላሰብኩም፤ እንዲያውም ከልቤ አዝኜ ነበር። መልእክቱን እንዳየችው ስልኬ ነገረኝ፤ መልስ ግን አልመጣም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አምቃ ኖራ በመጨረሻ ላወጣችው ነገር ከእኔ ያገኘችው መልስ ወቀሳ ነበር።

ይህ መመሪያ ከዚያ ስሕተት የተነሣ ነው። ለተናጋሪዋ የተጻፈ አይደለም፤ እሷ ከባዱን ሥራ ሠርታ ጨርሳለች። የተጻፈው ስልኩን ይዞ ምን እንደሚል ለጨነቀው አንባቢ ነው።

1. መጀመሪያ ምንም አይጻፉ

ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ከዚያ እንደገና ያንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ማን ይሆን፣ የት ይሆን፣ እውነት ይሆን ወይ እያልን የራሳችንን ድንጋጤ ነው የምናነበው። እሷ የጻፈችው መታየት የሚጀምረው በሁለተኛው ነው።

በሁለተኛው ንባብ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፤ ምን ጠየቀች? አንዷ «ሰውየው ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ነው፤ ተጠንቀቁ» ትላለች፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ሌላዋ ወደ ሕግ መሄድ ፈልጋ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ትጠይቃለች። ሌላዋ ደግሞ በዚያ ጊዜ በዚያ ቦታ የነበረ ሰው ካለ እንዲመሰክርላት ትፈልጋለች። ብዙዎቹ ግን ምንም አይጠይቁም፤ የሆነውን በራሳቸው ቃል ተጽፎ ማየት፣ ሌላ ሰውም እንዲያውቀው ማድረግ በቂያቸው ነው። ምንም ላልጠየቀች ሴት የጠበቃ ስልክ መላክ፣ ማስጠንቀቂያ ላስተላለፈችው ደግሞ «ጊዜ ይፈውሰዋል» ብሎ ማለፍ፣ ሁለቱም ካለመስማት ይቆጠራሉ።

የጠየቀችው ነገር ግልጽ ካልሆነልዎት ምንም እንዳልጠየቀች ይቁጠሩት።

2. አፍዎ ላይ የመጣውን ጥያቄ ይመርምሩ

የምናነሣቸው ጥያቄዎች ከሰው ሰው ብዙ አይለያዩም። ለምን አልጮኸችም? ለምን እስከ ዛሬ ዝም አለች? ከዚያ በኋላ ለምን ከእሱ ጋር ታየች? ነገሩ ለምን ይምታታባታል? እንደ አስተዋይ ሰው ጥያቄ ይመስላሉ። እሷ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ለራሷ ሺህ ጊዜ አቅርባቸዋለች፤ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሷትም እነሱ ናቸው። መልሳቸው በጥናት ይታወቃልና ከእሷ አይጠብቁት።

ከጩኸቱ እንጀምር። ሰው አደጋ ሲገጥመው ወይ ይታገላል ወይ ይሸሻል ብለን እናስባለን። ሦስተኛም አለ፤ መደንዘዝ። ሰውነት ከፈቃድ ውጭ ይቆለፋል፤ እጅ አይታዘዝም፣ ድምፅም አይወጣም። ተደፍረው በስዊድን ስቶክሆልም ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክሊኒክ በመጡ 298 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ሴቶች 7ቱ ያህል ጥቃቱ ሲፈጸምባቸው ብርቱ መደንዘዝ እንደ ገጠማቸው አሳይቷል። ስለዚህ «አልታገለችም» የሚለው ቃል ስለ ፈቃዷ የሚነግረን ምንም ነገር የለም።

ዝምታውም እንዲሁ ነው። አጥቂው ብዙ ጊዜ ከጨለማ የወጣ እንግዳ ሳይሆን ባል፣ ዘመድ፣ አለቃ ወይም አስተማሪ ነው። የምትኖርበት ቤት፣ ደመወዟ፣ የልጆቿ ሰላም በእሱ እጅ ሊሆን ይችላል። በልጅነቷ የደረሰባት ደግሞ የሆነውን የምትጠራበት ቃል እንኳ ላይኖራት ይችላል፤ ቃሉ የሚመጣው ካደገች በኋላ ነው። ከእሷ በፊት የተናገረች ሌላ ሴት ምን እንደ ተባለችም አይታለች። ይህን የመጨረሻውን ልብ ይበሉት፤ ዛሬ በአንዷ ላይ የምንሰጠው አስተያየት የሌላዋን ዝምታ ሊያራዝም ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መታየቷ፣ በማግስቱ «ደህና አደርህ?» ብላ መጻፏ፣ በፎቶ ላይ ፈገግ ማለቷስ? ሰው የደረሰበት ነገር ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ለመቀጠል ይሞክራል። አብሮ መሥራት ወይም አብሮ መኖር ግድ ሲሆን ሰላም ማለት ራስን የማቆያ መንገድ ነው።

የማስታወሱን ጉዳይ በተመለከተ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተወጋው የሚያስታውሰው እንደ መዝገብ ተራ በተራ አይደለም። በብርቱ ፍርሃት ጊዜ አእምሮ በጥቂት ነገሮች ላይ ይተከላል፤ የሽቶ ጠረን፣ የበር መቆለፍ ድምፅ፣ የመጋረጃ ቀለም። ቀኑና ሰዓቱ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደ ተከተለ ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ማክሰኞን ሐሙስ ማለቷ ውሸታም አያደርጋትም።

የሐሰት ክስ የለም ወይ? አለ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ለባለ ሥልጣናት ከቀረቡ የወሲባዊ ጥቃት አቤቱታዎች መካከል ሐሰት መሆናቸው የተረጋገጠውን ከ2 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ያደርጉታል። ቁጥሩ የተወሰደው ከፖሊስና ከተቋማት መዝገብ ስለ ሆነ በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚጻፈው ሁሉ እንደ ወረደ አይሠራም። ቢሆንም አንድ ሰው ያለ አንዳች ማስረጃ «ትዋሻለች» ብሎ ሲነሣ በየትኛው ወገን እየተወራረደ እንደ ሆነ ያሳያል። ደግሞም ማመንና መፍረድ የተለያዩ ናቸው። ማስረጃ መመዘን፣ የተከሰሰውን ማዳመጥና ውሳኔ መስጠት የችሎት ሥራ ነው። እርስዎ «አምኜሻለሁ» ሲሏት ማንንም ወደ እስር ቤት አልላኩም፤ አንዲት ሴት ተናግራ ሰሚ እንዳታጣ ነው ያደረጉት።

3. አሁን ይጻፉ፤ አጭር ይሁን

ታራና በርክ የምትባል አሜሪካዊት የመብት ተሟጋች በወሲባዊ ጥቃት ውስጥ ላለፉ ሴቶች «እኔም» (በእንግሊዝኛ «ሚ ቱ») የሚለውን ቃል እንደ መፈክር መጠቀም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በማኅበራዊ ሚዲያ ሲቀጣጠል፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ በፌስቡክ 4.7 ሚሊዮን ሰዎች ስለ ጉዳዩ ተነጋግረዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው የቃሉን መነሻ ነው። አንዲት ልጅ የደረሰባትን ልትነግራት ስትጀምር ታራና መስማት አቅቷት ልጅቷን ወደ ሌላ ሰው ላከቻት። ቢያንስ «እኔም ደርሶብኛል» ለማለት እንኳ አለመቻሏ ለዓመታት እንዳልለቀቃት ራሷ ተናግራለች። ያ ሁሉ ሰው የተቀባበለው ቃል የተወለደው ሰሚ ካጣች ልጅ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የኖረች ሴት እንኳ መስማት ካቃታት፣ እርስዎ የሚሉት ቢጠፋዎት አይፈሩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦

«አነበብኩት። አምኜሻለሁ።»

«የተፈጸመብሽ በደል ነው፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።»

«የምፈይድልሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ መናገር ባትፈልጊም አለሁልሽ።»

በዕድሜ የምትበልጥዎት ወይም «እርስዎ» እያሉ የሚያናግሯት ሴት ከሆነች አጠራሩን አይለውጡ። የተጎዳን ሰው ድንገት እንደ ልጅ ማባበል ክብሩን ከመቀነስ አያልፍም።

«አይዞሽ» ደግ ቃል ነው፤ አልከለክልም። ለብቻው ሲላክ ግን ጨዋታውን ይዘጋል። አይዞሽ ብለን ቀጣዩን ቪዲዮ ለማየት እንሄዳለን። ከጻፉት ከኋላው ሌላ ዓረፍተ ነገር ያስከትሉ። «እኔ ብሆን ኖሮ…» የሚለውን ጨርሶ ይተዉት፤ አልነበሩምና። «ይቅር በይውና እረፊ» የሚለውም እንዲሁ። ይቅርታ ከእሷ ሲመጣ የራሷ ነው፤ ከእርስዎ ሲመጣ ግን ትእዛዝ ነው። «ጠንካራ ሴት ነሽ» የሚለው እንኳ ያየነውን ያህል ምስጋና አይደለም፤ ነገ ማልቀስ ስትፈልግ ያሳፍራታል። ተመሳሳይ ነገር ደርሶብዎት ከሆነ ደግሞ በአንድ መስመር ይንገሯት፤ የራስዎን ታሪክ በሙሉ እዚያው ከዘረጉት አጽናኟ እሷ ትሆናለች።

የት እንደሚጽፉም ያስቡበት። በአካል የማያውቋት ከሆነ በውስጥ መስመር አይግቡባት፤ በተለይ ወንድ ከሆኑ። ስለ ጥቃት የጻፈች ሴት በአንድ ሌሊት ከማታውቃቸው ወንዶች ሃምሳ መልእክት ሲመጣላት፣ አርባ ዘጠኙ መልካም ቢሆኑ እንኳ ሁሉንም መክፈት ያስፈራታል። በግልጽ አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፉ። እዚያ የሚጽፉትን የምታነበው እሷ ብቻ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ3 ሴቶች 1ዷ በሕይወት ዘመኗ ከትዳር ወይም ከፍቅር አጋሯ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ አለበለዚያም ከሌላ ሰው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። እስካሁን ያልተናገሩት ለማን መናገር እንደሚችሉ የሚለዩት ከአስተያየቶቹ ነው።

4. ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር እንዳለ ይዩ

ጽሑፉ ስለ ትናንት ወይም ስለ ዛሬ ጠዋት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሳትጠይቅ ምክር መስጠት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ብቻ ነው። የኤችአይቪ ቫይረስ እንዳይይዛት የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀናት ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ ሊወሰድ ይችላል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ማስረጃ እንዲቆይ ከፈለገች ሳትታጠብ ወደ ሕክምና ብትሄድ፣ የለበሰችውንም በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ብትይዝ ይመረጣል፤ ፕላስቲክ እርጥበት አምቆ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከሆነ ግን «ምነው!» አይበሏት። ሕክምናው ለታጠበችም አለ።

ይህን ሁሉ እንደ ትምህርት አይዘርዝሩላት። «ሐኪም አይቶሻል? አንዳንዱ መድኃኒት ሰዓት ስላለው ነው። ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት ይበቃል። ፖሊስ ዘንድ መሄድና አለመሄድ የእሷ ውሳኔ ነው፤ ፈቃዷ በጉልበት የተወሰደባት ሴት ውሳኔ መልሳ መልመድ ያለባት ከዚህ ነው። ጸሐፊዋ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ግን ለማንም አልናገርም ብለው ቃል አይግቡላት። ልጅን የሚጠብቅ ሕግና ተቋም ስላለ፣ ለማን ሊነግሩ እንደሆነ አስቀድመው ይንገሯት።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከበደላት ሰው ጋር በአንድ ቤት የምትኖር ከሆነ ስልኳን እሱ ሊያየው ይችላል። ዝርዝር መልእክት ከመላክዎ በፊት «ሰላም ነሽ? ሲመችሽ ደውዪልኝ» የሚል ማንም ቢያየው ችግር የሌለው ነገር ይላኩ። ሁለተኛው፣ መኖር እንደ ሰለቻት የሚጠቁም ቃል ካዩ በቀጥታ ይጠይቋት፤ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን በውስጧ አይዘራም። አዎ ካለች ብቻዋን አይተዋት፤ በአካል የሚቀርባት ሰው ወዲያውኑ ይፈልጉ።

5. ታሪኩን ይዘው አይሂዱ

ለሁሉም በሚታይ ገጽ ላይ ጻፈች ማለት ወደፈለጋችሁበት ውሰዱት አለች ማለት አይደለም። ለ300 ወዳጆቿ የጻፈችው ነገር መቶ ሺህ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ከማጋራትዎ በፊት ይጠይቋት፤ ካልመለሰች አያጋሩት። ስክሪንሹት ደግሞ ከማጋራትም የባሰ ነው። የራሷን ጽሑፍ ነገ ልታጠፋው ወይም ለጥቂቶች ብቻ እንዲታይ ልታደርገው ትችላለች። በእርስዎ ስልክ በኩል የወጣውን ግን ማንም አይመልሰውም።

የበደላትን ሰው ስም ካልጠራች እርስዎም አይፈልጉት። «እገሌ ነው አይደል?» የሚለው አስተያየት ሁለት ጉዳት አለው። ከተሳሳቱ የሌለበትን ሰው ስም አጠፉ፤ ካልተሳሳቱ ደግሞ እሷ አስባበት ያልከፈተችውን በር ከፈቱባት፤ በስም ማጥፋት ልትከሰስ ትችላለች፣ ሰውየውም ሊበቀላት ይችላል። ሳትጠራ የቀረችው በምክንያት ነው።

ጉዳዩ ያለ ፈቃዷ የተሰራጨ የግል ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከሆነ ምስሉን ለማውገዝ ብለው እንኳ አያስተላልፉ። ለመድረኩ ሪፖርት ያድርጉት። ለአዋቂዎች «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረ ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከባለቤቷ ስልክ ሳይወጣ እንደ አሻራ የሚለየው ቁጥር ይሠራለትና አባል የሆኑ መድረኮች በዚያ ቁጥር ቅጂውን እየለዩ እንዲያግዱ ያደርጋል። ከ18 ዓመት በታች ሳለች ለተነሣ ምስል «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ይህን መረጃ ከብዙ አይዞሽ በላይ የምትፈልግ ሴት ትኖራለች።

6. አስተያየት መስጫው ሲግል

ስድቡ መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ስሜት ገብቶ መልስ መስጠት ነው፤ እኔም ስንት ምሽት አባክኜበታለሁ። ችግሩ በብዙ መድረኮች ላይ ክርክር የበዛበት አስተያየት ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ለተሳዳቢው በመለሱ ቁጥር ስድቡን ወደ እሷ ያቀርቡታል። ሪፖርት ያድርጉትና ይለፉት፤ ጉልበትዎን ለእሷ በሚጽፉት አዲስ አስተያየት ላይ ያውሉት። የሚቀርቧት ከሆኑ አንድ ትልቅ እርዳታ ማድረግ ይችላሉ። ዛቻዎቹን እሷ እንዳታነባቸው እርስዎ ከነቀናቸው፣ ከነአካውንት ስማቸውና ከነሊንካቸው ይሰብስቡላት። ምናልባት ለክስ ያስፈልጓት ይሆናል። አሠራሩን አስቀድመው ያስፈቅዷት።

በደለኛ የተባለው ሰው ሲመልስ ደግሞ የመልሱን አካሄድ ይመልከቱ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄኒፈር ፍሬይድ እ.ኤ.አ. በ1997 የገለጸችው አካሄድ አለ፤ መጀመሪያ መካድ፣ ቀጥሎ ተናጋሪዋን ማጥቃት፣ በመጨረሻም በዳይና ተበዳይን ቦታ ማለዋወጥ። አልነካኋትም ይላል፤ ከዚያ ስለ አእምሮ ጤናዋ ወይም ስለ ቀድሞ ፍቅረኞቿ ማውራት ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ የተበደልኩት እኔና ቤተሰቤ ነን ይላል። ልብ ይበሉ፤ መካድ ብቻውን ጥፋተኛነትን አያሳይም፤ ንጹሕ ሰውም ይክዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው እርምጃ ሲከተሉ ግን ወሬው ከተፈጸመው ነገር ወጥቶ ስለ እሷ ማንነት መሆኑን ያስተውሉ፤ አብረውም አይሂዱ።

ሰውየውን የሚያውቁት፣ ምናልባትም የሚወዱት ከሆነ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። «እኔ የማውቀው እሱ እንዲህ አያደርግም» ለማለት ይፈልጋሉ። ለእርስዎ ደግ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከእሷ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ ስለ ሆነው ግን ምንም አይናገርም። ምን እንደሚያምኑ እስኪለይልዎት ዝም ማለት ይፈቀዳል። የማይፈቀደው ላላዩት ነገር ምስክር ሆኖ መቅረብ፣ ወይም «ላስታርቃችሁ» ብሎ በውስጥ መስመር መግባት ነው።

7. ከአሥር ቀን በኋላ ይመለሱ

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው ይጽፋል፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሌላ ርዕስ ይሄዳል። ያኔ ነው ብቻዋን የምትቀረው፤ አሁን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሥራ ቦታም ቤትም ያዩዋታል። በስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይያዙና ከአሥር ቀን በኋላ አንድ መስመር ይላኩላት፤ ስለ ጽሑፉ መሆን የለበትም። ሻይ ልጋብዝሽ፣ ያ የምትከታተዪው ፊልም ተጠናቀቀ ወይ፣ ማንኛውም ነገር። ካልመለሰች አይደጋግሙባት፤ ከወር በኋላ ግን እንደገና ቢሞክሩ አይከፋም። እኔ ያን የወቀሳ መልእክት የላክሁላትን ወዳጄን ይቅርታ የጠየቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። «የማይገባ ጥያቄ ነበር የጠየቅሁሽ፤ መልስ አያስፈልገውም» አልኳት። ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ግን እንነጋገራለን።

እርስዎ ራስዎ ተመሳሳይ ነገር ያሳለፉ ከሆነና ንባቡ ቁስልዎን ከቀሰቀሰው፣ እስከ ሰባተኛው እርምጃ መድረስ የለብዎትም። ገጹን ዘግተው ይውጡ።

አንድ ቀን ጽሑፏን አጥፍታው ቢያገኙ ለምን ብለው አይጠይቁ፤ ዋሽታ ነበር ብለውም አይደምድሙ። ለማስረጃ ብለው የሰበሰቡላት ነገር ካለ «ላስቀምጥልሽ ወይስ ላጥፋው?» ይበሏት። አጥፋው ካለች ከስልክዎም፣ ከኮምፒውተርዎም፣ ከመጠባበቂያ ቅጂውም ይሰርዙት፤ መሰረዝዎንም ይንገሯት።